ጆሴፍ ሄንሪ፦ ከበራችን ደወል ጀርባ ያለው ሰው

የቤታችሁን የበር ደወል ስትጫኑ የማንን ሥራ እንደምትጠቀሙ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሰውየው ጆሴፍ ሄንሪ ይባላል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሄንሪ በ1797 በኒውዮርክ ግዛት፣ ኦልባኒ ከተማ፣ ከስኮትላንድ ከመጡ ድሃ ወላጆች ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ አጣ፤ የተወሰነ ጊዜም አያቱ ዘንድ አደገ። በ13 ዓመቱ ሰዓትና የብር ጌጥ ከሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ተለማማጅ ሆነ። ተዋናይ የመሆን ምኞት ነበረው፤ በ16 ዓመቱ ግን አንድ የሳይንስ መጽሐፍ እጁ ገባና ሐሳቡን አስለወጠው። በ1819 ኦልባኒ አካዳሚ በነፃ ተቀበለው፤ ልጆች እያስጠናም ራሱን ቻለ። መጀመሪያ ሊማር ያሰበው ሕክምና መሆኑን ሳነብ ደስ አለኝ። በመሐል ግን የመንገድ ቅየሳ ሥራ አገኘ፤ በ1826 ደግሞ በዚያው አካዳሚ መምህር ሆነ።

ኤሌክትሮማግኔት ከእሱ በፊትም ነበር፤ ነገር ግን ደካማ ነበር። ሄንሪ ሽቦውን በሐር ሸፍኖ ብረቱ ላይ ደራርቦ ጠመጠመው። በ1831 ለዬል ኮሌጅ የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ በላይ አነሣ። በዚያው ዘመን በክፍሉ ዙሪያ ረጅም ሽቦ ዘርግቶ፣ ከአንዱ ጫፍ ኤሌክትሪክ ሲልክ በሌላው ጫፍ ያለው ደወል እንዲጮኽ አደረገ። ቴሌግራፍም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ሄንሪ ግን ለግኝቶቹ ፓተንት አላወጣም።

የእሱን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት እዚህ ላስ ቬጋስ የቤታችን ደወል ዝም ሲል ነው። አባቴ ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል። አያቴ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ስለነበር ፈጥነው መነሣት አይችሉም ነበር። ቁስላቸውን የምታይ ነርስ መጥታ ደወሉን ብትጫን የሚከፍትላት አጥታ ተመልሳ ሄደች። ነርሲንግ ለሚማር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በጊዜው ያልታየ ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል።

የሽቦ ደወል አራት ነገር ነው፦ ትራንስፎርመር፣ ሽቦ፣ መጫኛና ደወሉ ራሱ። በሽተኛ እንደሚመረመር አንድ በአንድ ማየት ነው። ትራንስፎርመሩ ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ የቤቱን 120 ቮልት ወደ 16 ገደማ ያወርዳል። ከአንዱ ጥቅልል ሽቦ ወደ ሌላው ኤሌክትሪክ የሚሻገርበትን ምሥጢር ሄንሪና እንግሊዛዊው ፋራዴይ በየፊናቸው ደርሰውበታል፤ ቀድሞ ያሳተመው ግን ፋራዴይ ነው። በቀጫጭኖቹ ሽቦዎች በኩል ስለካው 16 ቮልት አሳየ፤ ደህና ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን መጫኛ በካቻቢቴ ፈትቼ ከጀርባው ያሉትን ሁለት ሽቦዎች አነካካኋቸው። ደወሉ ጮኸ። ስለዚህ ትራንስፎርመሩም፣ ሽቦውም፣ ደወሉም ጤነኛ ናቸው፤ የታመመው መጫኛው ብቻ ነው። የበረሃው ፀሐይ ፕላስቲኩን ሰነጣጥቆት፣ ውስጡ ያለው ብረት ጠቁሮ ነበር። ብሬከሩን አጥፍቼ ሁለቱን ሽቦዎች ከአዲሱ መጫኛ ብሎኖች ጋር አሰርኩ፤ አለቀ። የተበላሸው ትራንስፎርመሩ ቢሆን ኖሮ ግን 120 ቮልት ያለበት ስለሆነ ኤሌክትሪሻን መጥራት ይሻላል።

ሄንሪ በ1832 ወደ ፕሪንስተን ሄደ። እዚያ በቤተ ሙከራው ሳም ፓርከር የሚባል፣ ባሪያ ያልነበረ ጥቁር ረዳት ነበረው። በ1846 የስሚዝሶኒያን ተቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነ፤ በየቦታው ካሉ በጎ ፈቃደኞች የአየር ሁኔታ መረጃ እንዲሰበሰብም አደረገ። በ1875 ወጣቱ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስለ ስልክ ሐሳቡ ሊያማክረው ሲመጣ አበረታታው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ከሐረር አዲስ አበባ ያስዘረጉት የስልክ መስመርም የዚሁ የሽቦና የማግኔት ሥራ ዘር ነው።

ይሁን እንጂ የማይደበቅ ነገር አለ። በ1862፣ ከባርነት አምልጦ ስመ ጥር ተናጋሪ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ በስሚዝሶኒያን አዳራሽ ንግግር እንዲያደርግ ሲጠየቅ፣ ሄንሪ ጥቁር በመሆኑ ከለከለው። በየቤቱ በር ለሚጮኸው ደወል መንገድ የከፈተው ሰው የራሱን በር ለዳግላስ ዘጋ። እዚህ አገር ጥቁር ሆኜ ስላደግሁ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ሥራውን አከብራለሁ፤ ያደረገውን ግን ዘመኑ ነው ብዬ አላልፈውም። ታሪኩን ስንናገር ሁለቱንም አብረን እንናገር፤ ከሄንሪ ስም ጋር የሳም ፓርከርንም ስም እናንሣ።

ሄንሪ በ1878 ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ። በ1893 የኢንዳክታንስ መለኪያ በስሙ ሄንሪ ተባለ።

በሚቀጥለው ጊዜ አያቶቻችሁን ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ ስልክ ደውላችሁ በር አታስከፍቱ፤ ደወሉን ጫኑት። ካልጮኸ ከየት እንደምትጀምሩ አሁን ታውቃላችሁ።