ሄንሪ ፎርድና የሚጓዘው ሰንሰለት

ሄንሪ ፎርድ በ1863 ዓ. ም. (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር፥ በሚሺጋን ግዛት፥ በዲርቦርን አጠገብ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ከእርሻው ይልቅ የሰዓት ሆድ ዕቃ ፈትቶ መግጠም ይወድ ስለ ነበር፥ በ16 ዓመቱ ወደ ዲትሮይት ሄዶ የብረታ ብረት ሥራ ይማር ጀመር። በ1896 የመጀመሪያውን መኪና በጓሮው ሠርቶ ሲጨርስ በሩ ስለ ጠበበው፥ ግድግዳውን አፍርሶ አወጣው።

በ1903 ኩባንያውን አቋቋመ፤ በ1908 ሞዴል ቲ የተባለችውን አውቶሞቢል ለገበያ አቀረበ። ፈላጊዋ በዛ፤ ፋብሪካው ግን ማድረስ አቃተው። በዚያን ጊዜ መኪናው ባንድ ስፍራ ቆሞ ሠራተኞቹ ዕቃ እየተሸከሙ ይመላለሱ ነበር። ፎርድና መሐንዲሶቹ ነገሩን ገለበጡት፤ ሰው ባለበት ቆሞ ሥራው ወደ እርሱ እንዲመጣ አደረጉ። የቺካጎ ቄራም አርአያ ሆኗቸዋል፤ በዚያ የታረደው ከብት ተንጠልጥሎ ሲያልፍ እያንዳንዱ ሥጋ ቈራጭ ድርሻውን ይቈርጥ ነበርና።

በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ሙከራው የተጀመረው በማግኔቶ፥ ማለት ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ በሚሰጠው ዕቃ ላይ ነው። አንድ ሰው በ20 ደቂቃ ያህል ይገጥመው የነበረው ሥራ ለ29 ሰዎች ተከፋፍሎ በ13 ደቂቃ ከ10 ሰኮንድ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት መሥመሩን 8 ኢንች ከፍ ቢያደርጉት ወደ 7 ደቂቃ ወረደ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሠራተኛው ከማጎንበስ ዳነ እንጂ ሌላ ትልቅ ነገር አልተደረገም። እኔ ከፎርድ ሥራ ሁሉ ይልቅ የምደነቀው በዚህ ነው። ሻንሲውም በሞተር በሚጎተት ሰንሰለት ስለ ተጓዘ፥ 12 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ የነበረው መግጠም በ1914 በ93 ደቂቃ ተፈጸመ።

ነገር ግን ሰንሰለቱ ሰው አይጠብቅም። አንዱ ቡሎን ያስገባል፥ ሌላው ያጠብቃል፤ ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ሠራተኛው ተሰላችቶ እየለቀቀ ቢሄድ፥ በ1913 14 ሺህ ያህል ሰው ለማቆየት ከ50 ሺህ በላይ መቅጠር ግድ ሆነ። ስለዚህ ፎርድ በጥር 1914 የቀኑን ደመወዝ እጥፍ ያህል አሳድጎ 5 ዶላር አደረገው፤ የሥራውንም ሰዓት ከ9 ወደ 8 ዝቅ አደረገ። ይህን ቸርነት ብቻ የሚሉት አሉ። ሆኖም ገንዘቡን በሙሉ ለማግኘት ሠራተኛው የቤቱ ኑሮ ሳይቀር በኩባንያው ሰዎች ይመረመር ነበር።

እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ሞዴል ቲ ተሠራ። በ1920ዎቹ ጋዜጣው በአይሁድ ላይ የነዛው ጥላቻ ግን ስሙን አጎደፈው፤ የሠራተኞችንም ማኅበር እስከ 1941 ድረስ አልቀበልም ብሎ ነበር።

በኤፕሪል 7 ቀን 1947 በዲርቦርን ቤቱ በ83 ዓመቱ ሞተ። በዚያ ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ስለ ነበር፥ ቤቱ የሚበራው በሻማና በኩራዝ ነበር።