ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ (1857 ዓ.ም. ገደማ – 1945 ዓ.ም.) በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ የትምህርት አራማጅ፣ አገረ ገዥና ዲፕሎማት ነበሩ። በውጭ አገር ቻርልስ ማርቲን በሚለው ስም ይታወቃሉ።

ልጅነትና ትምህርት

ሐኪም ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ ከወላጆቻቸው የተለዩ ሕፃን ነበሩ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባሉ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፤ እሳቸው ብዙም ሳይቆዩ ስለሞቱ ኮሎኔል ማርቲን የተባሉ ሌላ መኮንን አስተማሯቸው። በላሆር ሕክምና ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ። ስኮትላንድ ውስጥ ትምህርታቸውን ካጠናከሩ በኋላ በበርማ (በዛሬዋ ሚያንማር) በሐኪምነት አገለገሉ።

ወደ አገራቸው መመለስ

ከዐድዋ ድል በኋላ የትውልድ አገራቸውን ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ዘመዶቻቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ለዩዋቸው። በሕፃንነታቸው የተለዩትን አማርኛ ግን እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው። ለዓመታት በበርማና በኢትዮጵያ መካከል ሲመላለሱ ቆይተው በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጠቅልለው ገቡ።

የትምህርትና የአስተዳደር ሥራ

ሕመምተኛ ከማከም ባሻገር ትምህርትን ለማስፋፋት ደከሙ። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ አዘጋጁ። ነጻ ለወጡ ባሮች ልጆች ትምህርት ቤት እንዲኖር የጣሩትም እሳቸው ናቸው።

በ1920 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በጣና ሐይቅ ላይ ለታሰበው ግድብ ከአንድ አሜሪካዊ የምህንድስና ኩባንያ ጋር እንዲነጋገሩ ወደ ኒው ዮርክ ላኳቸው። የዓባይን ውሃ ለሱዳንና ለግብፅ የምትፈልገው እንግሊዝ በዚህ አልተደሰተችም። በዚያው ጉዞ በሃርለም ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። በኋላም የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው መንገድ አሠሩ፤ አውራጃውም ለሌሎች አርአያ እንዲሆን ታስቦ ነበር።

የጦርነቱ ዘመንና ኅልፈት

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜም ስለ አገራቸው ተከራከሩ። እንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው የተመለሱት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች እጅ ተገደሉ። አባታቸው መርዶውን የሰሙት በስደት ላይ ሳሉ ነው። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ለብዙ ዓመታት የጻፉት የዕለት ማስታወሻ ዛሬ ዘመኑን ለሚያጠኑ የታሪክ ጸሐፊዎች ዋና ምንጭ ሆኗል።