ፈተናውን ካለፈ በኋላ 33 ዓመት የወጣው ዳገት

ዛሬ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ጦር ሜዳ አልዋለም፣ አዲስ መሣሪያም አልፈለሰፈም። የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ሥራው ፓስፖርት ማየት፣ ደብዳቤ መጻፍና ሪፖርት መላክ ነው። ታዲያ ለምን መረጥነው? እኛም በውድድር ገብተን፣ በውድድር የምናድግ ሰዎች ስለሆንን ነው።

ክሊፍተን ዋርተን በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በ1899 ዓ.ም. ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያደገው ቦስተን ነው። በቦስተን ዩኒቨርስቲ በ1920 በሕግ ተመረቀ፤ በ1923 ደግሞ በዚያው ሙያ ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ። በ1924 በአገሩ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሕግ ጸሐፊነት ተቀጠረ። ዘመኑ በዋሽንግተን መሥሪያ ቤቶች ጥቁርና ነጭ ሠራተኛ ተለያይቶ የሚሠራበት ዘመን ነበር።

በዚያው ዓመት የሮጀርስ ሕግ የሚባል አዲስ ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት የኤምባሲ ሥራ በአብዛኛው የሀብታም ልጆችና ዘመድ ያላቸው ሰዎች ነበር፤ ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ድሃ አይችለውም። አዲሱ ሕግ የዲፕሎማቱንና የቆንስሉን ሥራ አንድ አደረገ፣ መግቢያው በጽሑፍና በቃል ፈተና፣ ዕድገቱም በችሎታ እንዲሆን ደነገገ። ዋርተን በ1925 ተፈተነና አለፈ። በዚህ ፈተና የገባ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ነው።

አለፈ ማለት ግን አበቃ ማለት አይደለም። የጽሑፍ ፈተና የፊት ቀለም አያይም፤ የሚመድበው ሰው ግን ያያል። ዋርተን መጀመሪያ ወደ ላይቤሪያ፣ ሞንሮቪያ ተላከ። ቀጥሎ በካናሪ ደሴቶች ላስ ፓልማስ፣ ከዚያ ማዳጋስካር፣ ከዚያ አዞርስ ደሴቶች ተመደበ። ጥቁር ዲፕሎማቶች በእነዚሁ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ይሽከረከሩ ነበር፤ ዋና ዋናዎቹ የአውሮፓ ከተሞች ለሌሎች ናቸው። በ1926 የተወለደው የመጀመሪያ ልጁ የልጅነት ዕድሜውን ካናሪ ደሴቶች አሳልፎ፣ በኋላ ለትምህርት ሲባል ከወላጆቹ ተለይቶ ቦስተን አያቱ ዘንድ ተቀመጠ። ዋርተን በዚህ ሁኔታ 24 ዓመት ያህል ሠራ።

በ1946 ሌላ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት በአንድ ማዕረግ ላይ ያሉ ዲፕሎማቶች መዝገባቸው በአንድ ኮሚቴ ፊት ይወዳደራል። የበለጠው ያድጋል፣ ሳያድግ ብዙ የቆየውም ከሥራው ይሰናበታል። እንግዲህ በሩቅ ደሴት የተጻፈ ሪፖርትም ቢሆን ተነቦ የሚመዘንበት ቀን መጣ ማለት ነው። ዋርተን በ1949 ወደ ሊዝበን ተዛወረ፤ እዚያም ቆንስል ጄኔራል ሆነ። በ1953 ማርሴይ ሄደ። በ1958 ደግሞ በሚኒስትር ማዕረግ በሩማንያ የአገሩ መልእክተኛ እንዲሆን ተመረጠ።

እዚህ ላይ ያደረገው ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሹመቱን ከመቀበሉ በፊት የተመረጠው በዘሩ ምክንያት እንደሆነ አለቆቹን ጠየቀ፤ እንደዚያ ከሆነ እንደማይቀበል ነገራቸው። ለይስሙላ የሚሰጥ ወንበር አልፈለገም። በሥራው መሆኑን ሲያረጋግጡለት ነው እሺ ያለው። ፈተናውን ካለፈ 33 ዓመት ሆኖት ነበር።

በ1961 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኖርዌይ አምባሳደር አድርገው ሾሙት። ከእሱ በፊት አምባሳደር የሆነ ጥቁር አሜሪካዊ ነበረ፤ ሆኖም ከውጭ በፖለቲካ ሹመት የመጣ ነው። ከታች ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ አምባሳደር የሆነው የመጀመሪያው ዋርተን ነው። በ1964 ጡረታ ወጣ፤ በ1990 ዐረፈ። ያ ቦስተን የቀረው ልጁ በ1993 የዚያው መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ ሆነ። በ2006 የዋርተን ምስል ያለበት የፖስታ ቴምብር ታተመ።

ከዚህ ታሪክ ታገሡ፣ ሁሉም ይሆናል የሚል ትምህርት ብቻ መውሰድ ያስቸግረናል። ትዕግሥት ጥሩ ነው፤ ግን 24 ዓመት ያለአግባብ የተያዘበት ሰው ነው። ተስፋ ቆርጠው የሄዱት ስንቶች እንደሆኑ ማን ቆጠረ? እኛ ደግሞ ነገ ቀይ እስክሪብቶ የምንይዝ ነን። ሩቅ ገጠር ብንመደብ እንደ ዋርተን ሥራችንን ሳናጓድል እንሠራለን፤ ለውድድር ወረቀት ስናርም ደግሞ የልጁን ስም፣ ሰፈርና ዘር ሳናይ መልሱን ብቻ እናያለን። የመጀመሪያው ግማሽ የተፈታኙ ዕዳ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ የእኛ የፈታኞቹ ነው።