የሰርጓጅ መርከብን ሚዛን ያገኘ መምህር

አህያ ጭኖ ወደ ሞላሌ ገበያ የወጣ ሰው እንደሚያውቀው፣ በግራና በቀኝ ያልተመዛዘነ ጭነት ዳገቱ ሳያልቅ ይዘነበላል። ውኃ የቀዳች እኅትም ሙሉ እንስራ ቢከብድም እንደማይናወጥ፣ ጎዶሎው ግን እየተንቦጫረቀ እንደሚያንገዳግድ ታውቃለች። እነዚህን ሁለት ነገሮች በብረት ጀልባ ላይ ለመፈጸም ዕድሜውን የፈጀ ጆን ፊሊፕ ሆላንድ የሚባል መምህር ነበረ።

ሆላንድ በ1841 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአየርላንድ፣ ሊስካነር በምትባል የባሕር ዳር መንደር ተወለደ። በ1858 ክርስቲያን ብራዘርስ ከተባለው የመምህራን ማኅበር ገብቶ ልጆችን ያስተምር ጀመር። ዓይኑ ደካማ ነበር። በ1873 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚያም በረዶ አንሸራትቶት እግሩ ሲሰበር፣ የተኛበትን ጊዜ የሰርጓጅ መርከብ ንድፉን ለማረም ተጠቀመበት። በኋላም በፓተርሰን ከተማ እንደገና አስተማሪ ሆነ።

ንድፉን በ1875 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ቢያቀርብ የተቀበለው አልነበረም። በአሜሪካ የሚኖሩ የአገሩ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተውለት በ1878 የመጀመሪያይቱን ጀልባ በፓሴይክ ወንዝ ላይ ቢያወርዳት ሰጠመች። አውጥቶ አስተካከላትና ራሱ ውስጥዋ ገብቶ ወደ ታች ወርዶ ተመለሰ።

ምሥጢሩ ምን ነበር? ጀልባ የሚሰርገው በጋኖቹ ውኃ ሲገባና ሲከብድ ነው። ጋኑ በግማሽ ከቀረ ግን፣ አፍንጫው ዝቅ ባለ ጊዜ ውኃው ሁሉ ወደ ፊት ይሮጥና ጀልባውን ይደፋዋል። ስለዚህ ሆላንድ ጋኖቹን ጢም አድርጎ ሞላ፤ ከባዱንም ዕቃ ከታች አጸና። ጥቂት የመንሳፈፍ ኃይልም አስቀረላት፤ ሞተሩ ቢቆም በራስዋ እንድትወጣ ነው። ወደ ታች የሚያወርዳት በጉዞ ላይ ሳለች የሚያዘነብለው አግድም መሪ ነበር።

በ1897 የሠራት ስድስተኛይቱ ጀልባ፣ አንድ ሠራተኛ የውኃ መግቢያ ሳይዘጋ ስለ ሄደ ወደብ ላይ ሰጠመች። አሁንም ተነሥታ በመጋቢት 1898 በሚገባ ሰረገች። ባሕር ኃይሉም በ1900 በ150,000 ዶላር ገዛት። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

ሆላንድ ነሐሴ 12 ቀን 1914 አረፈ፤ የዓለም ጦርነት ገና መጀመሩ ነበር። በመስከረም ወር አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በአንድ ጧት ሦስት የእንግሊዝ መርከቦችን አሰጠመ፤ ከ1,400 በላይ ሰዎችም አለቁ። መምህሩ ይህን ሳያይ ሞተ። ዛሬ ያው ጥበብ የባሕርን ወለል ለሚመረምሩም ያገለግላል፤ በራዲዮ የሚታዘዙ ትንንሽ ሰርጓጅ መርከቦችን የሚሠሩ ወጣቶችም ክብደቱን ከታች የሚያስቀምጡት በዚሁ ሕግ ነው።

ውድ ወጣቶች፣ ክዳኑ በሚገባ በሚዘጋ ጠርሙስ ጠጠር እየጨመራችሁ በገንዳ ውኃ ሞክሩት። ጠጠሩ ወደ አንድ ጫፍ ሲሰበሰብ ጠርሙሱ ይቆማል፤ መሐል ላይ በጨርቅ ስታጸኑት ይተኛል። ሸክማችን ሁሉ እንዲሁ ነው፤ በቦታው ካላጸናነው ይዞን ይወድቃል። የምንማረውን ጥበብ ለምን እንደምናውለውም ከወዲሁ እናስብ።