የጎበጠውን ድልድይ በሌሊት ያቃናው መሐንዲስ

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ወደ አዲስ አበባ የምትመላለሱ፣ ደጀንን አልፋችሁ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ጃፓኖች የሠሩትን ባለ ገመድ ድልድይ ታውቁታላችሁ። ግንቦት 2016 ዓ.ም ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው ባለ 380 ሜትሩም ዘመዱ ነው። ሁለቱም የቆሙበትን ሐሳብ ያመጣው ፈረንሳዊው ኤዠን ፍሬሲኔ ነው። ዛሬ የሱን ነገር እናውጋችሁ።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። ገና ወጣት መሐንዲስ ሳለ ለቨርድር በምትባል ቦታ፣ አሊየ ወንዝ ላይ ባለ ሦስት ቅስት የአርማታ ድልድይ ሠራ። በርካሽ ነው የጨረሰው፤ ሰዉም ወደደለት። ወራት አለፉና ጉድ መጣ፦ የቅስቶቹ መሃል ቀስ በቀስ ወደ ታች መውረድ ጀመረ፣ ጎንበስ ማለቱም በዓይን ይታይ ነበር። የዚያን ጊዜ ምሁራን ደግሞ አንዴ የጠነከረ ኮንክሪት እንዲህ አያደርግም ባዮች ነበሩ።

ፍሬሲኔ ለአለቆቹ ትንፍሽ አላለም። በሌሊት ብስክሌቱን ጋልቦ የሚያምናቸውን ጥቂት ሠራተኞች ቀሰቀሰ፤ ክሪኮቹን መልሰው አስገብተው ቅስቶቹን ወደ ላይ አነሱ፣ ክፍተቱንም በኮንክሪት ሞሉት። (እኛ ብንሆን እንቅልፍ አይወስደንም ነበር!) ድልድዩ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ያፈረሰው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው።

ነገሩ ግን አልለቀቀውም። በ1920ዎቹ ኮንክሪት ላይ ጭነት እየጫነ፣ ጊዜ እየሰጠ ለካ። የተጫነ ኮንክሪት ለዓመታት ቀስ እያለ ማጠሩን እንደማያቆም አረጋገጠ፤ ብዙ እህል የተሸከመ የጎተራ እንጨት ዓመት በዓመት እንደሚጎብጠው ማለት ነው። መሐንዲሶች ክሪፕ ይሉታል። በ1928 ደግሞ በጣም ጠንካራ ሽቦ ወጥሮ ኮንክሪቱን አስቀድሞ የመጭመቅ ዘዴውን በፓተንት አስመዘገበ። ተራ ብረት ቢወጠር ኮንክሪቱ ሲያጥር ይላላል፤ ሚስጥሩ እዚህ ላይ ነው።

አሁን አዲስ አበባ ላይ ከ200 ሜትር በላይ የሆነውን የንግድ ባንክ ሕንጻ አስቡት። በእንዲህ ዓይነት ፎቅ ምሰሶዎቹ በዓመታት ውስጥ በጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ያጥራሉ። የመሃሉና የዳሩ እኩል ካላጠሩ ወለሉ ያዘነብላል፣ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል፣ ቧንቧውና መስታወቱ ይጨነቃል። ለዚህ ነው በዓለም ላይ ብዙ ረጃጅም ሕንጻዎች ውስጥ መለኪያ ከኮንክሪቱ ጋር የሚቀበረውና ለዓመታት የሚነበበው።

ፍኖተ ሰላም ባለ አራት ፎቅ ላይ ይሄ ብዙም አይታወቅም። በረንዳው ላይ ግን ይታወቃል፦ ኮንክሪቱ ሳይጠና ድጋፉ ከተነሳ፣ ጎንበስ ማለቱ በዓመታት ውስጥ ብቅ ይላል።

ፍሬሲኔ በ1962 ሞተ፤ 82 ዓመቱ ነበር።