የኢያን ዶናልድ ታሪክና የእናቴ ወረቀት

የእኒህን ሐኪም ታሪክ እንድፈልግ ያደረገችኝ አንዲት ወረቀት ናት። እናቴ ነፍሰ ጡር ሳሉ በአልትራሳውንድ ተመርምረው፣ ፅንሱ በመጠን ከመቶ ስምንተኛ ነው የሚል ጽሑፍ ይዘው መጡ። አባቴም ነገሩን እንደ ፈተና ውጤት ቆጥረው፣ ከመቶ ስምንት ያገኘማ ወድቋል ብለው ራት ሳይቀምሱ ተኙ።

ዶክቶር ኢያን ዶናልድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ተወለዱ። ወጣትነታቸውን በደቡብ አፍሪካ አሳልፈው ሕክምናን በለንደን ተማሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል ሲያገለግሉ ከሚቃጠል አውሮፕላን ሰዎችን በማውጣታቸው ተሸለሙ። በ1954 በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ።

በዚያ ዘመን ፋብሪካዎች በብረት ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅን በድምፅ ሞገድ ይፈልጉ ነበር። ዶክቶር ዶናልድም በ1955 ከሕሙማን የወጡ ዕጢዎችን በመኪና ጭነው ወደ አንድ ፋብሪካ ሄዱና ከቁራጭ የበሬ ሥጋ ጋር እያነጻጸሩ መረመሯቸው። (ዘበኛው ምን ብሎ ይሆን?) ከዚያም ከመሐንዲሱ ከቶም ብራውንና ከሐኪሙ ከጆን ማክቪካር ጋር ሆነው የሥራቸውን ውጤት በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ብዙዎች ሲጠራጠሯቸው ሳለ፣ በማይድን ካንሰር ልትሞት ነው የተባለች አንዲት ሴት ሕመሟ ሊወጣ የሚችል የውሃ ዕጢ መሆኑን መሣሪያው አሳየ፤ ሴትዮዋም በቀዶ ሕክምና ዳነች።

ቀጥሎም የፅንስን ራስ መለካት መጣ። ከእርሳቸው ጋር የሠሩት ስቱዋርት ካምብል በ1968 የተሻለ የአለካክ ዘዴ አሳተሙ። ልኬቱ ግን ያለ ሰንጠረዥ አይናገርም። በእርግዝና ዕድሜ እኩያ የሆኑ መቶ ፅንሶች ከትንሹ ጀምሮ በመጠን ቢሰለፉ፣ ሁሉም ጤነኞች ቢሆኑ እንኳ አንዱ ስምንተኛ መቆሙ አይቀርም። ሐኪሞች ከአሥር በታች ያሉትን አጥብቀው የሚከታተሉት፣ ምግብ አጥሮት ዕድገቱ የቆመ ፅንስ ከእነርሱ መካከል ሊገኝ ስለሚችል ነው። በተጨማሪም በመሣሪያው የተገመተው ክብደት ከእውነተኛው በመቶ አሥር ያህል ሊዛነፍ ይችላል፤ የእርግዝናው ሳምንት በስሕተት ከተቈጠረም ደኅናው ፅንስ ትንሽ መስሎ ይታያል። አንድ ልኬት መጠንን እንጂ ዕድገትን አይነግርም፤ ለዕድገት ሁለተኛ ልኬት ያስፈልጋል።

ይህን ለአባቴ በደብተሬ ላይ መቶ ነጥብ አሰልፌ አስረዳሁ። እርሳቸውም ነጥቦቹን አንድ በአንድ ቈጠሩ።

እናቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲለኩ ፅንሱ አድጎ እዚያው ስምንተኛው ላይ ተገኘ፤ በእትብቱ የሚያልፈውም ደም ደኅና ነበር። ዶክቶር ዶናልድ ለብዙ ዘመን በልብ ሕመም ተሠቃይተው በ1987 ዐረፉ። እኅቴ 2 ኪሎ ከ700 ግራም ሆና ተወለደች፤ ወረቀቷንም አባቴ ከቤቱ ካርታ ጋር በሣጥን ቈልፈውባታል።