ማቲዩ ኦርፊላ፤ መርዝን ከችሎት ፊት ያቀረበ ሐኪም

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአውሮፓ እጅግ የሚፈራው መርዝ አርሴኒክ ነበር። ለአይጥ ማጥፊያ እየተባለ በርካሽ ይሸጥ የነበረው ይህ ነጭ ዱቄት ሽታ የለውም፤ ከምግብ ጋር ሲደባለቅም አይታወቅም። የሚያስከትለው ትውከትና ተቅማጥ ከተራ የሆድ በሽታ ስለማይለይ፣ ሟች ምስጢሩን ይዞ ወደ መቃብር ይወርድ ነበር። ይህን ምስጢር ለመግለጥ ዕድሜውን የሰጠው ሐኪም ማቲዩ ኦርፊላ ነው።

ኦርፊላ እ.ኤ.አ. በ1787 በሜኖርካ ደሴት በማኦን ከተማ ተወለደ። በቫሌንሲያና በባርሴሎና ከተማረ በኋላ በ1807 ወደ ፓሪስ ተላከ። በዓመቱ በስፔይንና በፈረንሳይ መካከል ጦርነት ቢነሣም ትምህርቱን ገፍቶ በ1811 በሕክምና ተመረቀ። ኬሚስትሪ እያስተማረ ሲተዳደር፣ አርሴኒክን ለመለየት በመጻሕፍት የታዘዘው ፈተና መርዙ ከቡና ጋር በተደባለቀ ጊዜ የሚጠበቀውን ውጤት እንደማይሰጥ አስተዋለ። ከዚህም የተነሣ መርዞችን በእንስሳት ላይ እየፈተነ፣ ስለ መርዝ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ በ1814 ማሳተም ጀመረ። ቀጥሎም መርዝ በሆድ ዕቃ ብቻ ሳይወሰን ወደ ሌሎች የአካል ክፍሎች እንደሚሠራጭ አስረዳ። በ1831 የፓሪስ ሕክምና ፋኩልቲ ዲን ሆነ።

ስሙን ከሁሉ ይልቅ ያስጠራው በ1840 በቱል ከተማ የታየው የማሪ ላፋርዥ ክስ ነው። ማሪ ባሏን በአርሴኒክ ገድላለች ተብላ ተከሰሰች። የአካባቢው ባለሙያዎች እርስ በርሱ የሚቃረን ውጤት ስላቀረቡ ኦርፊላ ከፓሪስ ተጠራ። እሱም ጄምስ ማርሽ በ1836 ይፋ ባደረገው ዘዴ ተጠቀመ፤ ይኸውም ናሙናው ከዚንክና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ሲጋል፣ አርሴኒክ ካለበት የሚያንጸባርቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ኦርፊላ በአስከሬኑ ውስጥ አርሴኒክ መኖሩን፣ ይህም ከምርመራው ኬሚካሎችም ሆነ ከመቃብሩ አፈር ያልመጣ መሆኑን መሰከረ። ማሪ በዕድሜ ልክ እስራት ተቀጣች። ለተከሳሿ ወገን የተጠራው ኬሚስት ራስፓይ የደረሰው ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ነበርና፣ የተገኘው መርዝ እጅግ ጥቂት ነው የሚለው ክርክር ለብዙ ዘመን ቀጠለ።

ኦርፊላ ራሱ ቀደም ሲል በጤነኛ ሰው አጥንት ውስጥ አርሴኒክ በተፈጥሮ ይገኛል ብሎ ነበር፤ ሙከራው ሲደገም ስላልጸና ግን ሐሳቡን ተወ። የዛሬ መሣሪያዎች ደግሞ ኢምንት አርሴኒክ በማንኛውም ሰው አካል እንደሚገኝ ያሳያሉ። እንግዲህ መርዝ አለ ወይስ የለም ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ምን ያህል እንደሆነና ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት።

ኦርፊላ ከ1848 አብዮት በኋላ ከዲንነቱ ተነሣ፤ በ1853 በፓሪስ ዐረፈ። ከእሱ ወዲህ በመርዝ ጉዳይ ዳኛ የሚጠብቀው የባለሙያን ምርመራ ነው። የአንድ ሰው ሕይወትና ነፃነት በእኛ ናሙናና በእኛ ፊርማ ላይ ሊንጠለጠል እንደሚችልም የላፋርዥ ክስ ያስታውሰናል።